ለመፍጫ የሰፋኋቸው ማዳበሪያዎች

በእኛ አገር ማዳበሪያ ሲባል ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ማሳ ላይ የሚበተነው ፍሬ ነው። ሁለተኛው ፍሬው ሲያልቅ የሚቀረው ባዶ ከረጢት ነው። ከረጢቱ ስሙን ከመጀመሪያ ጭነቱ ወስዶ በዚያው ቀረ፤ ድንች ቢሞሉትም ማዳበሪያ፣ ከሰል ቢሞሉትም ማዳበሪያ፣ ባዶውን ግድግዳ ላይ ቢሰቅሉትም ማዳበሪያ ነው። እኔ የምሰበስበው ሁለተኛውን ነበር። በጀመርኩ ሰሞን ግምጃ ቤት ከተማ አጠገብ አንዷን ሴት፣ "የኔ እመቤት፣ ማዳበሪያ ይኖርሻል?" ብዬ ብጠይቃት በሩን ገርበብ አድርጋ፣ "ኧረ ወዲያ! ዘንድሮ የደረሰን ግማሽ ኩንታል ናት፤ እሷንም ዘርተናታል" አለችኝ። ከግብርና ቢሮ የመጣሁ መስሏት ነው። "ባዶውን ነው እህቴ" ስላት በሳቅ ፈረሰች፤ ከአልጋ ሥር አራት ጎትታ አወጣችልኝ። ከዚያ ወዲህ "ባዶ" የሚለውን አስቀድሜ መናገር ተማርኩ።

እግሬ ቤት አይወድም። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ልጆቼ ተራ በተራ ሊያስቀምጡኝ ሞከሩ። እንጅባራ ወንዱ ልጄ ጋ፣ ግምጃ ቤት ሴቷ ልጄ ጋ፣ ጥርባ እህቴ ዘንድ እያልኩ እከርማለሁ፤ የትም ቢሆን ጥቂት ስቆይ መንገዱ ያምረኛል። ማዳበሪያ መሰብሰቤ ለዚህ በጀኝ። "ወዴት ነው?" ሲሉኝ "ማዳበሪያ ፍለጋ" እላለሁ። ዝም ብዬ እየሄድኩ ነው ብል ማን ይሰማኛል? አሮጊት ያለ ምክንያት ስትሄድ ሰው ይደነግጣል።

ማዳበሪያ ደረጃ በደረጃ ነው የሚያረጀው። መጀመሪያ ከባሕር ማዶ ፍሬውን ይዞ ይመጣል። ሲራገፍና ሲታጠብ የእህል ይሆናል። ትንሽ ሲሳሳ ወደ ድንች ይወርዳል፤ ከድንች ወደ ከሰል። ለከሰል ሲሆን ታችኛው ጫፉ ጤነኛ ይሁን እንጂ አፉ ቢቀደድም ግድ የለም፤ ከሰሉ ከአፉ በላይ ይቆለልና በቅጠል ተከድኖ በገመድ ይታታል። በዚያ ዘመን ገበሬው ሁሉ ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ ማሳው ላይ ተክሎ ከሰል ያከስል ስለነበር የከሰል ማዳበሪያ ፈላጊው ብዙ ነው። ከሰል ይዞ አዲስ አበባ የሄደ ማዳበሪያ አይመለስም። እዚህ የሚቀረው የተቀደደው ነው። እሱ የእግር መጥረጊያ ይሆናል፣ የሽንት ቤት በር ይሆናል፣ የጋሪ መቀመጫ ይሆናል፤ ተተርትሮ ይገመድና ጥጃ ይታሰርበታል። የሚገድለው ፀሐይ ነው። ጣራ ላይ ሁለት በጋ የከረመ ማዳበሪያ ሲነኩት እንደ ደረቅ ቅጠል እጅ ላይ ይደቅቃል። እንዲያ ያለውን አልቀበልም ነበር።

የቀረውን እሰፋለሁ። እናቴ አቁማዳ ትጠግን ነበር፤ ቆዳው በተቀደደ ቁጥር ቁራሽ ትለጥፍበትና ጠርዙን አጥፋ በወፍራም መርፌ ትወጋዋለች። እኔም ከእሷ ያየሁትን ወደ ማዳበሪያ አመጣሁት። ክሬን ራሴ እፈትላለሁ። የጥጥ ፈትል ሁለት አድርጌ እገምድና በሰም አሸዋለሁ፤ ያኔ ማዳበሪያው ይበጠስ እንደሆነ እንጂ ስፌቱ ወይ ፍንክች። ከሰል ነጋዴዎቹ ስፌቴን ያውቁት ነበር። "ይቺ የአሮጊቷ ናት" እያሉ ነጥለው ያነሱታል።

ዳንግላ ላይ ባጃጅ ከጋሪ ጋር መንገድ መሻማት በጀመረበት ሰሞን ከከተማው ዳር አንድ አነስተኛ ፋብሪካ ተከፈተ። ያረጀ ማዳበሪያ ይገዛል፤ ፈጭቶ፣ አቅልጦ፣ መልሶ አዲስ ማዳበሪያ ይሠራል። የሴት ልጄ ልጅ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ እዚያ ተቀጠረች። ሥራዋ መለየት ነበር። የመጣውን ክምር እየፈታች ገመዱን ለብቻ፣ ላስቲኩን ለብቻ፣ ቆሻሻውን ለብቻ፣ ንጹሑን ማዳበሪያ ለብቻ ታደርጋለች። የገባችው ለሦስት ወር ሙከራ ነው፤ ከዚያ ወይ ቋሚ ትሆናለች ወይ ትሰናበታለች።

ብትሰናበት ወዴት እንደምትሄድ አውቃለሁ። የተከራየችው ክፍል ውስጥ እግሬን እያጠበችኝ ሳለ ቀና ሳትል ነው የነገረችኝ። "ቋሚ ካልሆንኩ አረብ አገር እሄዳለሁ እምዬ። እናቴ እሺ ብላለች። ጉርድ ፎቶ ተነስቻለሁ።" ምን እላታለሁ? ከጎረቤታችን የሄዱ አሉ፤ ደህና የሆኑም አሉ፣ ድምፃቸው የጠፋም አሉ። "ቋሚ ሁኚያ" አልኳት። "እሱንማ እኔም ፈልጌ" ብላ ሳቀች።

ሁለተኛው ወር ሊያልቅ ሲል ፋብሪካው ንጹሕ ማዳበሪያ አጠረው። ከከተማው የሚገባው ጭቃና ቅባት ነው። ኃላፊው ለዪዎቹን ሰብስቦ፣ "አቅራቢ የምታውቁ አምጡ፤ ያመጣ ሰው አይረሳም" ይላቸዋል። ልጅቷ እጇን አውጥታ፣ "አያቴ አለች" ትላለች። ማታውኑ እንጅባራ ደውላ ነገረችኝ። "እምዬ፣ ምን ያህል ታገኚያለሽ?" "ምን ያህል ትፈልጊያለሽ?" "ብዙ። የተቀደደውንም አምጪ፤ ምንም አይልም፣ ይፈጫል።" የመጨረሻውን ቃል በደንብ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብል ውሸት ነው።

ሦስት ሳምንት ዞርኩ። ከእንጅባራ ዙሪያ ጀምሬ እስከ ግምጃ ቤት የማውቀውን ደጃፍ ሁሉ አንኳኳሁ። ከአሮጊቶቹ ጋር በአገውኛ ስንጫወት ዋጋው ይረሳል፤ አንዳንዷ በነጻ ትሰጠኛለች፣ አንዳንዷ ደግሞ የሽንት ቤት በሯን ገንጥላ ልትሸጥልኝ ትቃጣለች። የሰበሰብኩትን ወንዝ ወርጄ አጠብኩ፣ ሣር ላይ አሰጣሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ሰፋሁ።

ይፈጫል መባሉን አልረሳሁም። ግን እጄ ላይ የተቀደደ ነገር ሲመጣ መርፌ ካላነሳሁ ሥራው ያልተጀመረ ይመስለኛል። ደግሞ የልጅ ነገር ነው። ልጅቷ "አያቴ አለች" ብላ ሰው ፊት እጇን አውጥታለች፤ እኔ በእሷ ስም የቡትቶ ክምር ይዤ በር ላይ ልቁም? እንዲያ እያልኩ ፈትሌ አልቆ ሌላ ፈተልኩ፣ ሰሜ አልቆ ሌላ ለመንኩ። አንዱንም ሳልሰፋ አላለፍኩም።

ዳንግላ ስደርስ ክምሩን ጋሪ ላይ ጭኜ ሄድኩ። ባለጋሪው፣ "እማማ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የጫኑት? እንዴት ታጥፏል!" አለኝ። በሩ ላይ ኃላፊው ራሱ ወጣ። ቀጠን ያለ ሰው ነው፤ የማሽኑ ጩኸት እንዳይረብሸው ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፏል። የላይኛውን አነሳና በብርሃን አየው፣ አሸተተው። "ታጥቧል እኮ! ይሄን የመሰለ አይቼ አላውቅም" አለና ወደ ልጅቷ ዞሮ፣ "ፈትሸሻል?" አላት። ልጅቷ እኔን አየችኝ፣ ክምሩን አየችው። "አዎ" አለች። በእጇ አልነካችውም። አያቷን ትፈትሻለች እንዴ?

ኃላፊው ደስ ስላለው ቤቱን ሊያሳየኝ ወደደ። "ይግቡ እማማ፣ ያመጡት ምን እንደሚሆን ይዩ።"

መጀመሪያ መፍጫው ነው። ውስጡ ቢላ አለ፤ ማዳበሪያው ይገባና እንደ ተከተከተ ጎመን ሆኖ ይወጣል። ቁርጥራጩ ገንዳ ውስጥ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ወደ ማቅለጫው ይሄዳል። ማቅለጫው ረጅም የብረት ቱቦ ነው፤ በውስጡ የሚዞረው ብረት የቀለጠውን ወደ ፊት ይገፋዋል። ጫፉ ላይ የሽቦ ወንፊት አለ፤ ያልቀለጠ ነገር ካለ እሱ ላይ ይቀራል። ከወንፊቱ ያለፈው እንደ መኮረኒ እየተዘረገፈ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ይደርቃል፣ ይቆራረጣል። የማሽላ ፍሬ ነው የሚመስለው። አንድ እፍኝ ሰጠኝ። ቀለሙ ግራጫ ነው። አጠገቡ ሌላ ከረጢት ከፍቶ አዲሱን ፍሬ አሳየኝ፤ እሱ እንደ በረዶ ያነጣል። "አሮጌው ብቻውን አይችልም። አንዴ ቀልጦ ጉልበቱን ጨርሷል፤ ከአዲሱ ጋር ነው የምንደባልቀው" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ሙያ ነበር። የተደባለቀው ፍሬ እንደገና ይቀልጥና እንደ ሰፊ ስስ ላስቲክ ሆኖ ይወጣል። ላስቲኩ በተደረደረ ምላጭ መካከል ሲያልፍ እንደ ጥብጣብ ይሰነጠቃል። ጥብጣቡ ትኩስ ብረት ላይ አልፎ ይሳባል። አንዱ መዘውር ቀስ ብሎ ሲሰጥ ሌላው ፈጥኖ ይጎትታል፤ በተጎተተ ቁጥር ይቀጥናል፣ በቀጠነ ቁጥር ይጠናል። "ካልተሳበ አይጠናም" አልኩ ሳይታወቀኝ። ኃላፊው ጥጡን ከአንድ ጆሮው ነቅሎ፣ "እንዴት አወቁ?" አለኝ። "ባዘቶም እንዲሁ ነው። ሳትስበው ብታጠነጥነው ፈትል አይሆንም።"

ክሩ ቀሰም ላይ ይጠነጠናል፤ ከእኛ ሸማኔ ቀሰም የሚለየው ግዝፈቱ ብቻ ነው። ከዚያ ሽመናው። የቆመው ድር ክብ ሠርቶ እንደ ጎጆ ግድግዳ ዙሪያውን ይወርዳል፤ መወርወሪያዎቹ ወዲያና ወዲህ አይሉም፣ እየተከታተሉ ይዞራሉ፤ ማጉ ማለቂያ የለውም። ከላይ ጫፍና ጠርዝ የሌለው ቱቦ እየተሸመነ ይወጣል። ይቆረጣል፣ ታቹ ይሰፋል፣ አለቀ። ስንት ዘመን ማዳበሪያ ስሰፋ ጎኑ ላይ ስፌት የሌለው ለምን ይሆን ስል ኖሬያለሁ። መልሱ ይኸው ነበር።

"ሸማኔ ነዎት እንዴ?" አለኝ።

"ፈታይ ነኝ ልጄ። ስትጎትተው ግን ትንሽ ትቸኩላለህ፤ ያ ዳር ያለው ሊበጠስብህ ነው" አልኩት። ልጅቷ አይኗን አፈጠጠችብኝ። በኋላ ስንወጣ፣ "አለቃዬን አንተ አልሽው!" አለችኝ። "አንተ ነዋ፤ ካንቺ እናት ያንሳል" አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ያመጣሁትን ግማሹን ፈጩት። በማግሥቱ ጠዋት ወደ እንጅባራ ልመለስ ስል ልሰናበታት ወደ ፋብሪካው አለፍኩ። ማሽኑ ቆሟል። ዝምታው ከበሩ ይሰማል። ገባ ስል የጨርቅ ቃጠሎ ሸተተኝ፤ በቃጠሎው ውስጥ የሰም ሽታ አለ።

ኃላፊው ወንፊቱን አውጥቶ በመቆንጠጫ ይዞታል። የማር እንጀራ ያህል የወፈረ ጥቁር ነገር ለብሷል። "ጨርቅ ነው። ጨርቅ ገብቷል፤ ጥጥ ይቃጠላል እንጂ አይቀልጥም። የቀለጠው መንገድ አጥቶ በጎን ገነፈለ። ከትናንት ማታ የወጣው ፍሬ ሁሉ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት፤ ክሩ ሲሳብ በነጠብጣቡ ላይ ይበጠሳል። ማነው ይሄን ያሳለፈው?"

"እኔ ነኝ" አለች ልጅቷ።

"ፈትሻለሁ ብለሽኝ አልነበር?"

"ብዬ ነበር። አልፈተሽኩም።"

"ለምን?"

"ንጹሕ መሰለኝ።" ይህን ስትል አላየችኝም። ሽታውን ግን አውቃዋለች፤ ያ ሰም የሚታሽበት ቤት ነው ያደገችው።

ገባሁ። "ልጄ፣ ያ የኔ ክር ነው" አልኩት።

ጥጡን ከጆሮው ነቀለ። "ምን አሉ እማማ?"

"ክሩ የኔ ነው። የሰፋሁት እኔ ነኝ።"

"ምኑን?"

"ማዳበሪያውን።"

"ለምን?"

"ተቀዶ ነበራ።"

ሰውየው ወንፊቱን አስቀመጠ። "እማማ። ሊፈጭ እኮ ነው። በቢላ ሊከተከት!"

"አውቃለሁ፤ ነግራኛለች።"

"እያወቁ?"

"ታዲያ ተቀዶ እንዴት ላምጣልህ?"

ከለዪዎቹ አንዷ፣ ምላሷ የማይቀመጥ ሴት ነበረች፣ "እማማ፣ ለሚታረድ በሬ ጫማ ገዝተውለት መጡ!" አለች። ሴቶቹ ሁሉ አፋቸውን ያዙ። ኃላፊውም ሊስቅ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ግን አልሳቀም። ደብተሩን አወጣ። "የሙከራ ጊዜሽ ስንት ቀን ቀረው?" አላት።

"አሥራ ሁለት።"

"እናያለን" አለና ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላሳየንም።

ያልተፈጨው ግማሽ ክምር ጥግ ላይ ነበር። "ስጡኝ፣ ልተርትረው" አልኩ። ማንም እምቢ አላለኝም። ግቢው ውስጥ ማዳበሪያ አንጥፌ ተቀመጥኩና ምላጭ ይዤ ስፌቴን መፍታት ጀመርኩ። ቁራሹ ራሱ ማዳበሪያ ስለሆነ ችግር የለበትም፤ የሚወጣው ክሩ ብቻ ነው። ክሩ ግን አይወጣም። ሰም የታሸ ነው፣ እጥፍ ነው፣ እየጠበቀ እንዲሄድ ሆን ብዬ የሰፋሁት ነው። የሦስት ሳምንት ሥራዬን ግማሽ ለመፍታት ሁለት ቀን ሙሉ ፈጀብኝ፤ ያውም ሴቶቹ በምሳ ሰዓታቸው እያገዙኝ። ያቺ ምላሷ የማይቀመጠው ትቀልድብኛለች፣ እጇ ግን ከሁሉም ይፈጥናል። "ይሄን ስፌት ባሌ ላይ ቢሰፉልኝ ከቤት አይወጣም ነበር" ትላለች። ኃላፊው ሲያልፍ ደግሞ፣ "ጥጥ ክልክል ከሆነ የጆሮዎንም ያውጡት!" አለችው። ያን ጊዜ ሳቀ።

ሁለተኛው ቀን ማምሻ ላይ አንድ ነገር ጠየቅኩት። "ከራሱ ከማዳበሪያው ክር መዝዤ ብሰፋውስ? አብሮ አይቀልጥም?"

"ይቀልጣል" አለ። ከዚያ ደነገጠ። "አይስፉ እማማ! በምንም አይስፉ! በእናትዎ!"

ልጅቷ አልተቆጣችኝም። ማታ ክፍሏ ውስጥ አንዴ ብቻ፣ "ነግሬሽ ነበር እምዬ" አለች። "ነግረሽኝ ነበር" አልኳት። የእኔ ጥፋት የእሷን ሦስት ወር ሊበላ እንደሚችል ሁለታችንም እናውቃለን፤ ብናወራው የሚቀንስ ነገር አልነበረም።

ሙከራው ያለቀ ዕለት በሩ ላይ ጠበቅኳት። አብረዋት የገቡት ሁለቱ ወረቀታቸውን ይዘው እየሳቁ ወጡ። እሷ ኋላ ቀርታ ባዶ እጇን ወጣች። አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋ ውስጥ የገባውን ጠጠር አራገፈች።

"አራዘመልኝ። አንድ ወር።"

"ምን አለሽ?"

"'ጥፋቱን ስጠይቅ አያቴ ናት አላልሽም፤ ለዚያ አንድ ወር ሰጠሁሽ። ሳትፈትሺ ፈትሻለሁ ስላልሽ ደግሞ ዛሬ ወረቀት አልሰጥሽም' አለኝ።"

ፍርዱ ትክክል መሰለኝ። አልነገርኳትም።

"እስከዚያ ጥርባ ሂጂ እምዬ" አለች ቀስ ብላ። "ዳንግላ እንዳትመጪ። ባየሁሽ ቁጥር ልቤ ይመታል።" ሄድኩ። ያን ወር እህቴ ቤት ከረምኩ፤ እግሬ አንዴም መንገድ አላለም።

ስልኩ የመጣው ከቤቱ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ቆሜ ሳለ ነው፤ ከዚያ በቀር ኔትወርክ የለም። እየተቆራረጠ ነው የምሰማት። "እምዬ፣ ዛሬ ወረቀቱን…" ጠፋች። "…ቋሚ…" እንደገና ጠፋች። "ሆንሽ ወይስ አልሆንሽም?" ብዬ ጮህኩ፤ ከብቶቹ ሁሉ ቀና አሉ። "ሆንኩ! ሆንኩ እኮ ነው የምልሽ! አሁን ደግሞ ማዳበሪያ አጥሮናል፣ አምጪ ብሎሻል። ግን እምዬ…"

"አውቃለሁ" አልኳት።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ክምር ሰብስቤ ወረድኩ። አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ የተቀደደውን እንደተቀደደ ጠቀለልኩት። ዳንግላ መናኸሪያ ጋሪ ላይ ስጭነው የማውቀው ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን ግንባሬ ድረስ ስቤ ባለጋሪውን ቶሎ በል አልኩት።